የግራ ትከሻ ልክ

ወንፊት እናትና አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም። ያወጡላት ቅዳሜ ቅዳሜ አብረዋት የሚሠሩ ሴቶች ናቸው፤ ያወጡላትም ሊያሞግሷት ነው። በእሷ እጅ ያለፈ ሥራ ገለባ አይገኝበትም ለማለት። እሷም ስሙን ወዳው ነበር። ያን ሰሞን ስልክ ስታነሳ ሳይቀር «አቤት፣ ወንፊት ነኝ» እያለች ትስቅ ነበር። ዛሬ በዚያ ስም የሚጠራት ሰው ካለ፣ ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች። ሰው በወደደው ስም እንዴት ያፍራል ለሚል፣ ነገሩ እንዲህ ነው።

መተዳደሪያዋ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት፣ በጫማ ሰፊና በመነጽር ቤት መካከል የተሰነቀረች አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ሁለት ማባዣ ማሽን፣ አንድ ማተሚያ፣ ስለቱ የዶለዶመ የወረቀት መቁረጫ፣ ከግድግዳው ሥር የተደረደረ የወረቀት ካርቶን። ወንበርም አለ፤ ግን ባለቤቱ «ደንበኛ ቁጭ ያለ ሠራተኛ ሲያይ ያኮርፋል» ስለሚል ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ካርቶን ነው። እዚያ አሥራ አራት ዓመት ቆማለች። የሌላውን ሰው ዲፕሎማ፣ የሌላውን ሰው የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የሌላውን ሰው የቤት ካርታ ስታባዛ ኖራለች። ማታ ማታ ጣቶቿ ላይ የቀረውን ጥቁር ቀለም በሳሙና እየፈተገች፣ ዛሬ ያነጋገረኝ ሰው ማን ነበር ብላ ብታስብ የምታገኘው «ፊትና ጀርባ አድርጊልኝ» ያላትን ብቻ ነበር።

የምትኖረው ከታላቅ እህቷ ጋር ነው። እታለም ትላታለች፤ እኛም እታለም እንበላት። እታለም ልብስ ሰፊ ናት። እናታቸው ስትሞት እሷ ስምንተኛ ክፍል ነበረች፣ ወንፊት ደግሞ የጫማዋን ክር ማሰር ያልቻለች ሕፃን። ዘመድ ተሰብስቦ «አንዷን እኔ ልውሰድ፣ አንዷን አንተ ውሰድ» ሲባባል፣ እታለም «ማንም ማንንም አይወስድም» አለችና ትምህርቷን ትታ የእናቷ የስፌት መኪና ላይ ተቀመጠች። እስከ ዛሬም አልተነሳችም ማለት ይቻላል። አንድ ጊዜ አግብታ ነበር፤ ባልየው ሥራ ፍለጋ ብሎ እንደወጣ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። የእሱ ነገር ሲነሳ «ደግ ሰው ነበር፤ ሁለት ሱሪ አሰፍቶኝ ነው የሄደው» ትላለች፤ ከዚያ በላይ ቃል አታባክንበትም። ወንፊትን ግን ኮሌጅ ድረስ አስተማረቻት። ይህን ውለታ አንድ ቀን እንኳ አንስታባት አታውቅም፤ አለማንሳቷ ነው እንግዲህ ኋላ ነገሩን ያከበደው።

ሁሉም የጀመረው በልብስ ሰፊዎች ጩኸት ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሰፊዎች ቅድ የሚያወጣ ፕሮግራም ለምደው ነበር። የሰውየውን ልክ ትነግረዋለህ፤ ደረት ይህን ያህል፣ ወገብ ይህን ያህል፣ እጅጌ ይህን ያህል። እሱ ደግሞ የልብሱን ቅድ አስምሮ ያወጣልሃል። ያንን አሳትሞ፣ ወረቀቶቹን አጣብቆ፣ ጨርቁ ላይ አስደግፎ መቀስ ማንሳት ነው። ፕሮግራሙ ነፃ ነው፤ ነፃነቱም ክፍያ ባለመኖሩ ብቻ አይደለም። የፈለገ ሰው ሆዱን ከፍቶ ኮዱን ያነባል፣ የተበላሸ ካገኘ ይጠግናል፣ የጠገነውን ለሁሉም ያካፍላል። ወንፊት ያኔ ይህን አታውቅም። የምታውቀው አንድ ቀሚስ በአሥራ ስምንት ወረቀት እንደሚታተም፣ ወረቀቶቹ ሲገጣጠሙ መስመሩ ግማሽ ሴንቲ ሜትር እንደሚዛነፍ፣ ሰፊዎቹም «ማሽንሽ ነው ያበላሸው» ብለው እንደሚያፈጡባት ነው።

አንድ ቀን ትዕግሥቷ አለቀ። ከፕሮግራሙ ግርጌ ያለውን አድራሻ ፈልጋ፣ ስድቡን ትንሽ አለዝባ፣ በሆዷ ያለውን ሁሉ ጻፈችበት። በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ። «ስላሳወቅሽን እናመሰግናለን። ልክ ነሽ፤ ስሕተቱ የማሽንሽ ሳይሆን የእኛ ነው። አብረን እናስተካክለው?»

«እኔ?» አለች ጮክ ብላ፣ ባዶው ሱቅ ውስጥ።

መልሱን የጻፉት ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ። ሁሉም መምህርት ይሏቸዋል። እሳቸውና ሌሎች ሴቶች ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአንድ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ፎቅ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ በአውቶቡስ ሦስት ማቆሚያ ብቻ ነው። ወንፊት በመጀመሪያው ቅዳሜ በሩ ላይ ቆማ ጫማዋን ስታይ ቆየች። ውስጥ አሥራ ሁለት አሮጌ ኮምፒውተሮች፣ አንድ ክንፉ የጎደለ ማራገቢያ፣ የባንክ ጥበቃ የሆነች ሴት ከነዩኒፎርሟ፣ አንዲት ፋርማሲስት፣ ሕፃኗን እያጠባች በአንድ እጅ የምትጽፍ እናት ነበሩ። የጥበቃዋ ሴት ቀና ብላ «ግቢ እንጂ፤ እኛ አንፈትሽም» አለቻት። በሳቅ ገባች።

ቤቱ የራሱ ደንብ ነበረው። ለጀማሪ የምታሳይ ሴት እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ትቆማለች እንጂ የጀማሪዋን ኪቦርድ አትነካም። ለማንም ሥራ የሚሰጥ መልስ በምስጋና ይጀመራል። ደግሞም የመጀመሪያ ሥራ በቅጽል ስም ይላካል፤ ሥራው ተቀባይነት እስኪያገኝ ድረስ ባለቤቷ ማን እንደሆነች አይነገርም። ይህ የመጨረሻው ደንብ የመጣው በድሮ ጉድ ነው። አንዲት ልጅ በስሟ ብትልክ አንዱ «ባልሽ ነው የሠራልሽ?» አላት፣ ሌላው «ባል አለሽ ወይ?» ብሎ ጠየቃት፤ ኮዱን ያነበበ ግን አልነበረም። «እንግዲያው መጀመሪያ ሥራችንን ይዩ፣ መልካችንን ኋላ ይደርሱበታል» አሉ መምህርት፣ በዚያው ደንብ ሆነ።

ወንፊት ኮድ መጻፍን ከሀ ሁ ተማረች፤ የመጀመሪያ ሥራዋም ያ የተዛነፈው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ነበር። ሰባት ጊዜ ተመለሰባት። ሰባቱንም ጊዜ ከላዩ ላይ ምስጋና ነበረበት፣ ከሥሩ አንዲት ጥያቄ። በስምንተኛው መምህርት «በይ ገባ» ሲሏት ሴቶቹ አጨበጨቡ፤ እሷም ማልቀስ ያማራት መስሏት ሳቀች። በማግስቱ አንድ ሰፊ አሥራ ስምንቱን ወረቀት አገጣጥሞ «እንዴ፣ ማሽን ቀየራችሁ?» አላት። ያን ቀን የደንበኛ ወረቀት ስትሰጥ ሁሉንም በሁለት እጇ ነበር የምትሰጠው።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት! ግን አላበቃም። በሁለት ዓመት ውስጥ ከሴቶቹ ሁሉ ፈጣኗ እሷ ሆነች። መምህርትም ቁልፉን ሰጧት፤ ቁልፍ የሚሉት ሌላው የላከውን ሥራ መቀበል ወይም መመለስ የሚያስችለውን ሥልጣን ነው። ሥራ ከየትም ይመጣል፣ ከማታውቀው ሰው፣ ከማታውቀው ቦታ። አሥራ አራት ዓመት «ፊትና ጀርባ» ስትባል የኖረች ሴት አሁን ሰው ደጅ ይጠናት ጀመር። ስትመልስ ሰዎቹ ይታዘዛሉ፤ ጠንከር ብላ ስትመልስ ደግሞ ይበልጥ ያከብሯታል። ምስጋናውን ቀስ በቀስ ተወችው፤ ጊዜ ይፈጃል አለች። ጥያቄውንም ተወችው። ወንፊት የተባለችውም ያኔ ነው። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባላል፤ የእኛዋ ባል ባይኖራትም የምታጥበው አላጣችም።

አንድ ቅዳሜ ጧት እታለም ከስፌት መኪናዋ ቀና አለችና፣ «እዚያ ምንድን ነው የምትሠሩት? የልብስ ነገር ነው አላልሽኝም?» አለቻት።

ወንፊት ጫማዋን እያደረገች ነበር። «ኮድ ነው እታለም። ቢነግሩሽም አይገባሽም።»

«አይገባኝም?»

«ይቅርብሽ፤ ዝም ብሎ ራስ ያዞራል።»

ክፋት አልነበራትም። አውቶቡስ እንዳያመልጣት ቸኩላ ነው። ግን ያች አይገባሽም የተባለች ሴት ስምንተኛ ክፍል ደብተሯን ስትዘጋ በሒሳብ ከክፍሏ አንደኛ ነበረች። እታለም ክር በጥሳ በጥርሷ ያዘችና «እሺ፣ በደህና ዋይ» አለቻት።

ከዚያ ቀጥሎ ባለው ረቡዕ እታለም «ልብስ ላደርስ ነው» ብላ ወጥታ፣ ያን የማሠልጠኛ ደረጃ ጉልበቷን ይዛ ወጣች። ረቡዕ የጀማሪዎች ቀን ነው። መምህርትን «እህቴ እንዳትሰማ» ብላ ለመነቻቸው፤ እሳቸውም ደንቡ ይኸው ነውና በደስታ ተስማሙ። ሃምሳ ዓመቷ ነበር። መጀመሪያ ኪቦርዱን እንደ ጋለ ካውያ ነበር የምትነካው። በአራት ወር ውስጥ ግን ማንበብ ብቻ ሳይሆን መጻፍ ቻለች፣ ቻለችና አንድ ነገር ከነከናት፦ ፕሮግራሙ የትከሻ ልክ የሚጠይቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሷ ደግሞ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሰው ስትለካ ሁለት እኩል ትከሻ ያለው ሰው አይታ አታውቅም። ቦርሳ የሚያነግት በአንድ በኩል ይወርዳል፣ ልጅ የምታዝል በሌላው። ስለዚህ ግራና ቀኙን ለየብቻ የሚጠይቅ አሥራ አንድ መስመር ጻፈች። ውጥን በሚል ቅጽል ስምም ላከችው። ማን እንደሚቀበለው ታውቅ ነበር፤ ለዚያም ነው የላከችው። «ስታነበው ፊቷን ባየሁ!» ብላ ነበር ለመምህርት።

የመጀመሪያው መልስ በአንድ ሰዓት ውስጥ መጣ። «መመሪያውን አንብብና ተመለስ።» አንብብ ነው ያለችው፤ ወንድ መስሏት። እታለም የኮድ አጻጻፍ መመሪያውን ሁለት ቀን አነበበች፣ አስተካክላም ላከች። «አሁንም አላነበብክም። ረድፉ ዝብርቅርቅ ነው።» ረድፉን ልክ እንደ ስፌት ቀጥ አድርጋ ሦስተኛ ላከች። ሦስተኛው መልስ ይህ ነበር፦ «ሰው ሁለት ትከሻ አለው እንጂ ሁለት ዓይነት ትከሻ የለውም። ልብስ ስፌት የማያውቅ ሰው ይህን ባይነካካው ይሻላል። ተዘግቷል።»

ያን ዕለት እራት ላይ ወንፊት ሾርባዋን እያማሰለች፣ «እታለም፣ ዛሬ አንድ ጉደኛ አጋጠመኝ» ብላ ጀመረች። «ውጥን ነኝ ይላል። ሰው ግራና ቀኝ ትከሻው ይለያያል ብሎ ፕሮግራሙን ሊያስቀይረን! ሦስት ጊዜ መለስኩት፣ እንደ ዝንብ ነው፣ ይመለሳል።»

«ምናልባት እየተማረ ይሆናላ» አለች እታለም።

«ታዲያ እኔ ላይ ይማር? በመጨረሻ ልኩን ነገርኩት። ልብስ ስፌት የማታውቅ ከሆነ አትነካካ አልኩት።» ወንፊት ሳቀች። እታለምም ሳቀች፣ ትንሽ ዘግየት ብላ። ከዚያ ሳህኖቹን አንስታ ወደ ማጠቢያው ሄደች፤ ውሃውም ለሁለት ሳህን ከሚያስፈልገው በላይ ሲፈስ ቆየ።

ሆድ ይፍጀው አለችና ረቡዕን ተወችው። መምህርት ያኔ የዐይን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ሁለት ወር ከኮምፒውተር ተከልክለው ነበር፤ ስለዚህ ያየም የጠየቀም አልነበረም። ሲመለሱ የመጀመሪያ ሥራቸው የቀረውን ሁሉ ማንበብ ሆነ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። በቅዳሜው ሴቶቹ ሲበተኑ «አንቺ ቆዪ» አሏት ወንፊትን።

ገጹን ከፍተው ሦስቱን መልሶች አሳዩዋት። «የማን ጽሑፍ ነው ይሄ?»

«የኔ ነው። ልጁ መመሪያ አያነብም እኮ፣ መምህርት።»

«ልጁ ሃምሳ ዓመቱ ነው» አሉ መምህርት። አሁንም አልገባትም። መነጽራቸውን አወለቁና ዐይን ዐይኗን አዩዋት። «ቤትሽ ነው ያለው። ረቡዕ ረቡዕ ልብስ ላደርስ እያለ አራት ወር እዚህ ሲመላለስ ነበር።»

ወንፊት ክው አለች። መጀመሪያ ያሰበችው መልሱን አይደለም፤ እራቱን ነው። ያን ዘግየት ብሎ የመጣውን ሳቅ።

ቤት ስትደርስ እታለም አልነበረችም። ቁም ሣጥኑን ከፈተች። ምን እንደምትፈልግ ሳታውቅ ከላይ ያገኘችውን ጃኬት ገለበጠች፤ በግራ ትከሻው በኩል፣ ከገበሩ ሥር፣ ታጥፎ የተሰፋ ስስ ጨርቅ ነበረ። በቀኙ የለም። ሸሚዞቿን ገለበጠች፣ ቀሚሶቿን ገለበጠች፤ ሁሉም ላይ አለ፣ በግራ ብቻ። የሥራ ልብሶቿን በዓመታቸው ብትደረድራቸው ድርቡ ከዓመት ዓመት እየወፈረ መጥቷል። የእታለምን ሜትር ከመኪናው ላይ አንስታ መስታወት ፊት ለካች። የግራ ትከሻዋ ከቀኙ ሁለት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሏል። አሥራ አራት ዓመት የወረቀት ካርቶን የተሸከመችው በእሱ ነው። ሰው ሁሉ ትከሻው እኩል ይመስላት የነበረው፣ እህቷ ዕድሜዋን ሙሉ ሳትነግራት ስታስተካክልላት ስለኖረች ነው። አልጋዋ ላይ፣ በተገለበጡት ልብሶች መካከል ተቀምጣ አለቀሰች፤ እንደ ልጅ፣ አፍንጫዋን በእጅጌዋ እየጠረገች።

ያኔ ሄዳ «አጥፍቻለሁ» ብትላት ይበቃ ነበር። ግን አዋቂ ሰው ጥፋቱንም በአዋቂነቱ ሊጠግን ይነሳል። ወንፊት ሦስት ቀን ሥራ በገባችበት ሰዓት ሁሉ፣ በደንበኛና በደንበኛ መካከል፣ የእህቷን አሥራ አንድ መስመር ይዛ ተቀመጠች። አዎ፣ ካርቶኑን አውርዳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። አስተካከለች፣ ጨመረች፣ ለአንገት፣ ለእጅጌ፣ ለጀርባ አዳረሰችው። ሲያልቅ ዘጠና መስመር ሆነ፤ የሚያኮራ ሥራ። በውጥን ስም ራሷ አስገብታ፣ ራሷ ተቀብላ፣ ላፕቶፑን ታቅፋ ወደ ቤት ሮጠች።

«እታለም፣ ገባልሽ!»

«ምኑ?» አለች እታለም። የሱሪ ጠርዝ እያጠፈች ነበር።

«ሥራሽ። ውጥን። ሁሉን ሰማሁ። ባውቅ ኖሮ...» አለችና ተንተባተበች። «ይቅር በይኝ። ይኸው ገብቷል፣ እዪው።»

እታለም እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ መነጽሯን አደረገች። በጣቷ እየተከተለች ከላይ እስከ ታች አነበበች። ወንፊት እህቷ ኮድ ስታነብ ያየችው ያን ጊዜ ነው፤ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ፣ ሳትቸኩል ነበር የምታነበው።

«የኔ አሥራ አንድ መስመር ነበር» አለች እታለም።

«አዎ፣ ትንሽ አስተካክዬው ነው።»

«ይሄ ጥሩ ሥራ ነው። ግን ያንቺ ነው። የኔ የሆነው ስሙ ብቻ ነው።»

«ደስ እንዲልሽ ብዬ እኮ ነው፣ እታለም!»

«የቤት ሥራሽን ሠርቼልሽ ዐውቃለሁ?» አለች እታለም። አልጮኸችም። «አንድ ቀን? እያለቀስሽ አጠገብሽ እቀመጥ ነበር እንጂ እርሳስሽን ነክቼው ዐውቃለሁ?»

ወንፊት ላፕቶፑን ቀስ ብላ ዘጋችው።

«የጻፍሽው አይደለም የከፋኝ» አለች እታለም መነጽሯን እያጠፈች። «ደንበኛም ይሰድበኛል፣ ለመድኩት። የከፋኝ አንቺ ስትስቂ አብሬሽ መሳቄ ነው። በራሴ ሳቅሁ። እዚህ ቤት ተቀምጬ በራሴ ሳቅሁ።»

«ተመለሽ። ቅዳሜ አብረን እንሂድ፣ እኔው ይቅርታ እጠይቅሻለሁ በሁሉም ፊት።»

እታለም ሱሪውን መልሳ ከመርፌው ሥር አስገባች፤ ግን አልረገጠችውም። «እዚያ ስገባ እኮ የማንም እህት አልነበርኩም። ሰፊዋም አልነበርኩም። አንዲት ተማሪ ነበርኩ፤ ስሳሳት ሳይስቁብኝ አብረውኝ የሚስቁ ነበሩ። አንቺ ካለሽ ደግሞ ያው እህትሽ ነኝ። ብመለስም አንቺ በሌለሽበት ነው፣ የኔ እናት። አትቀየሚኝ።»

«እስከ መቼ?»

«እኔ እንጃ» አለች፣ ረገጠችውም። መኪናው ሲንጫጫ መነጋገር አይቻልም።

ወንፊት በማግስቱ መምህርት ቤት ሄደች። በዚያ ፎቅ ላይ ያገኘችውን ሁሉ አሰበች፦ የጥበቃዋን ቀልድ፣ ሕፃኑ ፊቷ ላይ ያስነጠሰበትን ቀን፣ «በይ ገባ» የተባለችበትን ከሰዓት። ሌላ ጓደኛ የላትም። ቁልፉን እንደምትመልስ፣ ቅዳሜንም እንደምትተው ለመምህርት ነገረቻቸው። «ቅዳሜ የት ትውያለሽ ታዲያ?» አሏት። «ሱቅ» አለች። እንዲያባብሏት ጠብቃ ነበር፤ አላባበሏትም። ወደ በሩ ሲሸኟት ግን ክንዷን ያዝ አድርገው ነበር።

ቁልፉን ከመመለሷ በፊት ዘጠናውን መስመር አወጣችው። አሥራ አንዱን መስመር ልክ እንደነበረ መለሰች፣ ከሥሩም ጻፈች፦ «ይህን ሥራ ያለ አግባብ የዘጋሁት እኔ ነኝ። ስለ ትከሻ የማላውቀው እኔ ነበርኩ። ከእንግዲህ ሌላ ሰው ያየዋል።» ሦስቱን መልሶቿን ግን ማጥፋት አልቻለችም። በዚያ ቤት የተጻፈ አይሰረዝም፤ ማን ምን እንዳለ መጪው ሁሉ እንዲያይ ይቀመጣል። ዛሬም እዚያው አሉ፣ ከነስሟ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የእሷ ከአፋፍም አይርቅም፣ ማንም መጥቶ ያነበዋል።

እታለም ተመለሰች። መጀመሪያ ረቡዕ፣ ቀጥሎ ቅዳሜም። ሥራዋን የምታየው አሁን ፋርማሲስቷ ነበረች። ወንፊት ሱቅ ውስጥ ቆማ፣ ማሽኑ እየተንገጫገጨ፣ በስልኳ ትከታተል ነበር። «ስለላክሽልን እናመሰግናለን፣ ውጥን። ትከሻውን ስትለኪ ከየት ትጀምሪያለሽ?» እታለም ስትመልስ ጥንቁቅ ነበረች፤ የምትጽፈው አጭር፣ የምትጠይቀው ግልጽ። በአራተኛው ዙር አንድ ነገር አስቸገራት፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ተጣብቃ ቆየች። ወንፊት መልሱን በአንድ መስመር ታውቀዋለች። ማታ ማታ በአንድ ማዕድ ይቀመጣሉ፤ እታለም ግንባሯን ቋጥራ ዳቦ ትቆርሳለች፣ ወንፊት ምላሷን ነክሳ ጨው ታቀብላታለች። በሳምንቱ እታለም ራሷ ደረሰችበት፣ ያውም ወንፊት ካሰበችው በተሻለ መንገድ።

በስድስተኛው ዙር፣ በአንድ ቅዳሜ፣ ሰማዩ ከሰዓት በኋላ ጠቆረ። የእታለም ጉልበት ለዝናብና ለደረጃ አይሆንም። ወንፊት ሱቁን ቀደም ብላ ዘግታ ጃንጥላ ይዛ በአውቶቡስ ሦስት ማቆሚያ ሄደች፣ ከማሠልጠኛው በር ላይም ቆመች። ስልኳን ብታይ ገጹ ተቀይሯል። «ተቀብለነዋል። እናመሰግናለን፣ ውጥን።» ብዙም ሳይቆይ ከላይ፣ ከተከፈተው መስኮት ጭብጨባ ወረደ። የጥበቃዋ ድምፅ «ስሟን! አሁን ስሟን ተናገሩ!» ሲል ተሰማ፤ መምህርትም የእታለምን ሙሉ ስም ጮክ ብለው ጠሩ፣ ክፍሉ በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ። ከሳቆቹ መካከል አንዱን ወንፊት ታውቀዋለች፤ እንዲህ ሲስቅ ግን ሰምታው አታውቅም። እግሯ የመጀመሪያውን ደረጃ ወጣ። ከዚያ መልሳ አወረደችው።

ሴቶቹ በቡድን ወረዱ። እታለም መካከላቸው ነበረች፣ ጉንጯ ቀልቶ፣ የፋርማሲስቷን ክንድ ይዛ። ወንፊትን ስታይ ክንዱን ለቀቀች።

«መቼ መጣሽ?»

«አሁን ገና ነው። ዝናብ ሊመጣ ነው ብዬ።» ቦርሳውን ተቀበለቻት። ሴቶቹ በአንገታቸው ሰላም እያሏት አለፉ። ወንፊት ትንሽ ጠበቀች፤ ከዚያ «እንዴት ዋላችሁ?» አለቻት።

«ደህና» አለች እታለም። «ምንም የተለየ ነገር የለም።»

ጃንጥላውን ዘረጉና ወደ ማቆሚያው ሄዱ፤ መንገድ ላይ እታለም ስላለቀባት ጥቁር ዚፕ አወራቻት።